ለድመት ዳኛ ማን ይሆናል?

ሁለት ድመቶች በአንድ ቤት ውስጥ ቢጣሉ ጥፋተኛው ማን ነው? ጥያቄው የሚያስቅ መሆኑ አይጠፋኝም። ሰው በሰው ላይ ያደረሰው በደል ገና ተቆጥሮ ባላለቀበት ከተማ ተቀምጦ ስለ ድመት ጠብ ወረቀት ማበላሸት ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ይሁንና ጥያቄውን ፈልጌ አላመጣሁትም። በዓይናለም፣ በተከራየሁበት ግቢ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ፍረድ» ተብሎ ነው የቀረበልኝ። ፍርዱም እንዲያው የቡና ቁርስ የሚሆን ጨዋታ አልነበረም። ከሁለቱ ድመቶች የተፈረደበት ጆንያ ውስጥ ይገባና ከከተማ ውጭ ተወስዶ ይጣላል።

ዓይናለም የመቀሌ ዳርቻ ነው፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ የደረሰበት የገበሬ መንደር። የግቢው ባለቤት አረጋዊት ሴት ናቸው፤ እኔም ሰፈሩም «አደይ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ውሮ የምትባል ግራጫ ድመት አለቻቸው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ውሮ እዚያው ቤት ነበረች፤ ባንክ፣ ስልክና መንገድ በተዘጋባቸው ወራትም አደይ ከራሳቸው ጉርሻ እየቆነጠሩ አቆይተዋታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የእኅታቸው ልጅ ከነልጇ መጣች። ከቀያቸው ተፈናቅለው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው የኖሩ ናቸው። ልጅቱ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሌላው ዕቃቸው ሁሉ በአንድ ፌስታል ሲጠቃለል፣ እሷ ግን በሁለት እጇ ካርቶን ታቅፋ ገባች። በካርቶኑ ውስጥ ቡላ መልክ ያለው ወንድ ድመት ነበረ። በመጠለያው ከፍርፋሪዋ እያበላች ያሳደገችው ነው፤ ስሙንም ቡላ ብላዋለች።

ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ሌሊት ጩኸት፣ ቀን መባረር፣ በየጥጉ የሽንት ሽታ፣ የተደፋ ወጥ። አንድ ቀን ልጅቱ ልትገላግል እጇን ብታስገባ ክንዷን ተቧጠጠች፤ ተነከሰችም። የእብድ ውሻ በሽታ በድመት ንክሻም ይተላለፋልና እናቷ ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ይዛት ሮጠች። የጆንያው ነገር የተነሣው የዚያን ማታ ነው።

በቡናው ላይ የተሰማው ምስክርነት በአንድ ነገር ላይ ይስማማ ነበር። የምትጮኸው ውሮ ናት። ፀጉሯን የምታቆመው፣ ጥርሷን አሳይታ እንደ እባብ እፍ የምትለው፣ መዳፏን የምትሰነዝረው እሷ ናት። ቡላ ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንዲት ጎረቤት፣ «ጠግባ ነው፤ ስደተኛ ጠልታ ነው» አለች። ሌላው፣ «የለም፤ ቤቱ የሷ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የመጣው ልኩን ይወቅ» ሲል ተከራከረ። በዚህ መካከል ልጅቱ ካርቶኑን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። እኔም እንደ ደንበኛ ዳኛ የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠሁ።

በሦስቱ ቀናት ያየሁት ግን ከምስክሮቹ ቃል ጋር አልገጠመልኝም። ቡላ ማለዳ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በማድ ቤቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ምንም አያደርግም። ነገር ግን የውኃው ጣሳ ያለው ከደፉ ወዲያ ነው። ውሮ ትመጣለች፤ ከሩቅ ትቆማለች። እሱ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። እሷ አንገቷን ታዞራለች፤ ትቀመጣለች፤ እንደገና ትሞክራለች። እሱ የጅራቱን ጫፍ ብቻ ያወዛውዛል። በመጨረሻ ጥሙ ሲበረታባት ግድግዳ ታክካ ለማለፍ ትሞክራለች፤ ያን ጊዜ ይነሣል፤ እሷም ትጮኻለች። ሰው የሚሰማው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ከጩኸቱ በፊት ያለፈው አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፅ የለውምና ምስክር የለውም።

የድመትን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ድመት እፍ የምትለው ስትፈራ ነው፤ «አትቅረበኝ» ማለቷ ነው። የሚያስፈራራው ብዙውን ጊዜ ድምፁን አያሰማም። መተላለፊያ ይዘጋል፣ አፍጥጦ ያያል፣ መኝታውን ይቀማል፣ ከምግቡ አጠገብ ይተኛል። የቤት ጌታ ግን ጆሮውን ተከትሎ ይፈርዳል። በጩኸት የተደበደበችው ስንት ድመት ትሆን? አስቤበት አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ጥፋተኛው ቡላ ነው ብዬ ልፍረድ? እንዲህ ብል ኖሮ ፍርዴ ከጎረቤቶቹ ፍርድ በአንድ እርምጃ ብቻ የሚሻል ይሆን ነበር። ቡላ በመጠለያው ብዙ ሰው፣ ብዙ ውሻ፣ ጥቂት ምግብ ባለበት ቦታ ያደገ ነው። ውኃ ያለበትን በር መያዝ ለእሱ ክፋት አይደለም፤ ያን ሁሉ ያለፈበት ብልሃት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን ነገሩ ከቡላም ከውሮም በፊት የተጀመረ ሆኖ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘር ጥናት እንዳረጋገጠው የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የሚወለደው ከአንድ የዱር ድመት ወገን ነው፤ ያም በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው፣ ዘመዶቹ በእኛም አገር ቆላና ደጋ የሚገኙት ነው። ይህ የዱር ድመት ብቻውን ያድናል፣ ብቻውን ይበላል፣ ግዛቱንም በሽታ ያጥራል። ሰው ጎተራ ሲሠራ አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ተከተለ። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር ጎን ለጎን የተቀበረ ድመት ከዛሬ 9,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ነው። ያን ያህል ዘመን ከእኛ ጋር ሲኖር ብዙ ለምዷል፤ በመንጋ የመኖር ታሪክ ግን ከአያቶቹ አልወረሰም። ውሻ ተጣልቶ ጅራቱን ቆልፎ ይለማመጣል፤ ዝንጀሮና ጦጣ ከጠብ በኋላ ተጠጋግተው ቅማል ይለቃቀማሉ። በድመት ዘንድ እንዲህ ያለ የዕርቅ ሥርዓት እምብዛም አይታይም። ያለው ስልት መራቅ ነው። የሚርቅበት ቦታ ያጣ ድመት ሌላ ስልት የለውም።

(እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ይኖራል። እህልና አይጥ በተትረፈረፈበት ጎተራ እናትና ልጅ፣ እኅትና እኅት የሆኑ ድመቶች አብረው ይኖራሉ፤ አንዷ የሌላዋን ግልገል እስከ ማጥባት ይደርሳሉ። እውነት ነው። ግን እነዚያ ዘመዳሞች ናቸው፤ ምግባቸውም አይጎድልም። በአደይ ግቢ ሁለቱም የለም።)

በአክሱም አካባቢ ተወለደ የሚባለው ዘርዓ ያዕቆብ በ«ሐተታ»ው ውስጥ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ሰዎች ሁሉ በየሃይማኖታቸው እየተካሰሱ፣ እያንዳንዱም የእኔ ነው ልክ እያለ፣ በመካከላቸው የሚፈርድ ገለልተኛ ሰው ከየት ይገኛል ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በሚለው ላይ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ እኔን ግን የሚያስፈልገኝ ጥያቄው ነው። እኛ በቡናው ዙሪያ የተሰበሰብነው ራሳችንን ከጠቡ ውጭ ያለን ዳኞች አድርገን ነበር። ለመሆኑ ውጭ ነን? ውሮ እንግዳ አልጠራችም። ቡላም ማደሪያ ስጡኝ ብሎ አላመለከተም። ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋለው፣ ለሁለት አንድ ጣሳ ውኃ በአንድ በር ያስቀመጠው ሰው ነው። ተከራካሪዎቹ ሳይዋዋሉ ባለ ውሉ ዳኛ ሊሆን የሚቀመጥበት ችሎት ምን ዓይነት ችሎት ነው?

ይህን ስል አደይን እከስሳለሁ ማለቴ አይደለም፤ ልጅቱንም እናቷንም አልከስም። አደይ ዘመዶቻቸውን ደጅ ሊያሳድሩ አይችሉም። ሁሉን ያጣች ልጅ ድመቷን ጥላ እንድትገባ መጠየቅም ጭካኔ ነው። በዚህ ቤት ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ። ነገር ግን ጥፋተኛ ጠፋ ማለት ዕዳ የለም ማለት አይደለም። እኛ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ «ማን አጠፋ?» ብለን መጠየቅ ለምደናል፤ አጥፊው ከተገኘ እሱ ይክፈል፣ ካልተገኘ ማንም አይክፈል። ዕዳ ሁሉ ከጥፋት ብቻ የሚወለድ ይመስለናል። እንግዳ ያስገባ ሰው የእንግዳው ዕዳ አለበት፤ የነበረችውም ዕዳ አለበት፤ ይህም ምንም ሳያጠፋ ነው።

አሁን ወደ ጆንያው ልምጣ፤ ምክንያቱም ፍርዱ የነበረው እሱ ነው። ድመትን በጆንያ ከትቶ ማዶ መጣል በከተማም በገጠርም የምናውቀው ነው። መግደል ኃጢአት ነው የሚል ሰው መጣል ግን ኃጢአት አይመስለውም፤ «ዕድሏን ትሞክር» ይላል። ዕድሉ ምን እንደሆነ ማሰብ ደግ ነው። የምትጣልበት ቦታ ባዶ አይደለም፤ የሌሎች ድመቶች ግዛት ነው፤ በሽታ የታጠረ ነው። ስለዚህ የተጣለችው ድመት በደረሰችበት ሁሉ ቡላ ናት፤ አስተናጋጅ ግን የላትም። አንዳንዷ ተመልሳ ትመጣለች፤ ይህን ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል። ያልተመለሱትን ግን የሚያወራ የለም። በሙስሊሞች ዘንድ በታወቀ ሐዲስ አንዲት ሴት ድመት ዘግታባት፣ ራሷም ሳታበላት፣ ወጥታም እንድትበላ ሳትለቃት በመግደሏ ተቀጣች ይባላል። ያስገረመኝ ጥፋቱ የተነገረበት መንገድ ነው። ሴትዮዋ መታች ወይም አነቀች አይልም፤ የሚኖሩበትን መንገድ ዘጋች ነው የሚለው። ደፍ ላይ የተቀመጠው ቡላና ጆንያውን የሚያስረው ሰው በዚህ በኩል ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ ሰውየው ማወቁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ለእንስሳት በቀጥታ ዕዳ አለብን አይልም፤ በእንስሳ ላይ የጨከነ ልቡ ለሰውም ይደነድናል ብሎ ነው የሚከለክለው። እኔ ለእንስሳው ራሱ ዕዳ አለብን ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም በዚያ ግቢ የካንትን ነገር ችላ ማለት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ልጅቱ ታያለች። ቤት ሲጠብ የኋላ መጪው ተጠቅልሎ እንደሚወጣ አንዴ በራሷ ላይ አይታዋለች። ያንኑ በአደይ ቤት፣ በምትወዳቸው ሰዎች እጅ፣ በቡላ ላይ ደግማ ልታይ ነው። ውሮ ብትጣል ደግሞ በሷ ምክንያት ባለቤቷ እንደ ተባረረች ታውቃለች። የትኛውም ፍርድ ለዚያች ልጅ የሚያስተምረው ነገር አላማረኝም።

በቀጠሮው ቀን «ፍርድ የለኝም፤ ሥራ ግን አለኝ» አልኩ። ተሳቀብኝ።

ሥራው ይህ ነበር። አንደኛ፣ ሁለቱ ለጊዜው እንዳይተያዩ ማድረግ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ውሮ በውስጠኛው፣ ቡላ በውጭኛው። አራት ሰው በሚወጣና በሚገባበት ቤት በር ዘግቶ መኖር ቀላል አይደለም፤ በድሃ ቤት ውድ ዕቃ በር መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። አደይ አሮጌ ነጠላቸውን ቀደው አንዱን ቁራጭ ለውሮ መኝታ፣ ሌላውን ለቡላ ሰጡ፤ በየሁለት ቀኑ አቀያየሩት። ድመት ሰውንም ድመትንም የሚያውቀው በአፍንጫው ነውና፣ ገላው ሳይመጣ ሽታው ይለመዳል። ምግባቸውን በተዘጋው በር ግራና ቀኝ ማስቀመጥ ተጀመረ፤ መጀመሪያ ከበሩ ራቅ ተደርጎ፣ እያደር እየቀረበ። በሩ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ እስኪከፈት ድረስ ሳምንታት ሄዱ።

ውኃው ከሁሉ ያከራከረን ነገር ነበር። ለመቀሌ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ የኖረው ውኃ ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚወጣ ነው፤ ያም ሆኖ በእኛ ግቢ ቧንቧው በተራ ነው የሚመጣው፣ ሰውም በጀሪካን ነው የሚያጠራቅመው። ለሁለት ድመት ሦስት ጣሳ ውኃ በሦስት ቦታ ይቀመጥ ስል የእኅታቸው ልጅ ፊት ጠቆረ። አልተሳሳተችም። ግን የሚጠጡት መጠን ያው ነው፤ የተጨመረው ጣሳ እንጂ ውኃ አይደለም። አንድ ጣሳ በአንድ በር ሲኖር በሩን የያዘ ውኃውን ይይዛል፤ ሦስት ሲሆን ማንም ሁሉን መጠበቅ አይችልም። አመድና አሸዋ የተደረገበት የአሮጌ ሳፋ መጸዳጃም እንዲሁ በሁለት ጥግ ተቀመጠ። ውሮ ከላይ ሆና የምታይበት የሳጥን ጣሪያ ተለቀቀላት፤ ለሸሸ ድመት ከፍታ ግማሽ መድኃኒት ነው። ሲጣሉ እጅ ማስገባት ቀረ፤ አደይ በመካከላቸው ሰፌድ ማቆም ጀመሩ። መማታትም ቀረ። የተመታ ድመት ምቱን የሚያያይዘው ከጥፋቱ ጋር ሳይሆን በዚያች ሰዓት ፊት ለፊቱ ከቆመው ድመት ጋር ነው፤ ዱላ የያዘ ገላጋይ ጠቡን ያሳድገዋል።

ያለፈችበትን ሁሉ የምታውቅ አንዲት ጎረቤት፣ «ሰው በድንኳን እያደረ ለድመት ሁለት ክፍል!» አለችኝ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በቀላሉ አልመለስኩትም፤ አሁንም አልመልሰውም። የወጣው ወጪ አንድ አሮጌ ነጠላና ሁለት ጣሳ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን እሷ የምትለው ስለ ገንዘቡ አልነበረም። የምትለው ስለ ትኩረት ነው። ለአንዱ የተሰጠ ትኩረት ከሌላው የተነጠቀ ይመስላታል። እኔ በዚያ ቤት ያየሁት ግን የተገላቢጦሽ ነው። በር የመዝጋት ተራ ሲወጣ፣ ማን መቼ ወደየት እንደሚገባ ሲነጋገሩ፣ ከዚያ በፊት ያልተነጋገሩት የሰዎቹ የመኝታና የማድ ቤት ነገርም አብሮ ተነሣ።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሰፈሩ «ታረቁ» አለ። አልታረቁም። ውሮ በሳጥኑ ላይ፣ ቡላ በአልጋው ሥር ይተኛሉ። በመተላለፊያው ሲገናኙ አንዱ ዓይኑን ይመልሳል፣ ሌላው ያልፋል። አብረው አይበሉም፤ አይላላሱም። አንዳንዶቹ ጎረቤቶች ይህ አላረካቸውም፤ ተቃቅፈው ሲተኙ ማየት ነው የፈለጉት። ለእኔ ግን ያለ ፍርሃት መጠጣትና መተኛት የድመት ሰላም ሙሉው ነው። ፍርሃቱ ባይወገድ ኖሮ ደግሞ ለአንዳቸው ሌላ ቤት መፈለግ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስሙና ደጁ የታወቀ ቤት መፈለግ ግን ከጆንያ ጋር አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ያልጻፍኩትን ያነብብኛል። ይህን ጽሑፍ ከመቀሌ ሆኖ የሚያነብብ ሰው ድመቶቹን ትቶ ወደ ሌላ ነገር ሊሻገር ይችላል፤ «ለሰውም ሁለት ጣሳ አስቀምጡለት፣ ማን አጠፋ የሚለውን ተዉት» የምል ሊመስለው ይችላል። አልልም። ለድመት ዳኛ የማይሆነው ድመት መናገር ስለማይችል፣ ስላደረገው ነገር ስለማያውቅ፣ ይቅርታ ስለማይጠይቅ፣ ካሳ ስለማይከፍል ነው። ሰው ይህን ሁሉ ይችላል። የተበደለ ሰው ደፍ ላይ የተቀመጠበትን በስም ጠርቶ «እሱ ነው» ሊል ይችላል፤ ሲልም የሚሰማው ችሎት ይገባዋል። ሰውን እንደ ድመት ማስተናገድ፣ በጣሳና በበር ብቻ ዝም ማሰኘት፣ ሌላ በደል ነው። ከድመቶቹ ወደ ሰው የሚሻገር ነገር ካለ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ይመስለኛል። የጮኸውን ከመክሰስ በፊት ከጩኸቱ በፊት የነበረውን ሰዓት መጠየቅ።

ቀጥሎ የመጣው የማኮላሸት ነገር ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ለሴትና ለግዛት ይዞራል፣ ይጣላል፣ በየግድግዳው ይሸናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ከተኮላሹ በኋላ ይህ ጠባይ በአብዛኞቹ ላይ ይቀንሳል። አገራችን በሬውን ሰንጋ፣ ፍየሉን ሙክት ሲያደርግ የኖረ ነው፤ ለድመት ሲሆን ግን ነውር መሰለ። አደይ፣ «ወደይ፣ ሰላም በምላጭ ይመጣል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄው አሳሰበኝ። ከአካሉ ቆርጦ ጨዋ ማድረግ የእሱን ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚደረግ ነው፤ የሚጠቅመውም ከእሱ ይልቅ እኛን ይመስላል። በሌላ በኩል ቡላ ሌሊት ጣሪያ ላይ ቆስሎ የሚገባው፣ በየዓመቱ የሚወለዱትና በጆንያ የሚጣሉት ግልገሎችም አሉ። ይደረግ አልኩ፤ ግን ቀላል ነው ብዬ አይደለም። ልጅቱ እንዲያመው አልፈለገችም፤ ቢሆንም ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ ከእናቷ ጋር ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደችው።

በማግሥቱ ይዘውት ሲመለሱ ውሮ ከሳጥኑ ወርዳ አሸተተችው። ቡላ የመድኃኒትና የሌላ ቤት ሽታ ይሸት ነበር። ለእሷ ያ የምታውቀው ድመት አልነበረም። ፀጉሯ ቆመ፤ እፍ አለች፤ የመጀመሪያው ቀን ጩኸት ሁሉ ተመልሶ መጣ። የእኅታቸው ልጅ ራሷን ያዘች። አደይ ሰፌዱን ይዘው ተነሡ። ልጅቱ ግን ማንም ሳይነግራት ካርቶኑን ወደ ውጭኛው ክፍል አወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ የነጠላውን ቁራጭ ከውሮ መኝታ ላይ አንሥታ በበሩ ሥር አሳለፈችው።